የጎበዞች ክፍል እናቶች

በድሬዳዋ፣ በቀፊራ ገበያ የኮንትሮባንድ ጨርቅ የሚሸጡ ሴቶች ጥሩውን ጨርቅ ደጅ አይሰቅሉም ነበር። ደጅ የሚሰቀለው ፀሐይ ያነጣው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነው። ደህናው ከእህል ጆንያ ሥር፣ ሲብስም ከነጋዴዋ ቀሚስ ሥር ይውላል። ኮንትሮባንድ የሚያድነው ፊናንስ የሚወስደው ያየውን ነዋ። እናቴ ጨርቅ ነጋዴ አልነበረችም፤ የምትሸጠው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። በልጅ ጉዳይ ግን የምትመራው በጨርቅ ነጋዴዎቹ ደንብ ነበር። ጥሩ ነገር ካለሽ ደብቂው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ታላቅ ወንድሜ ከክፍሉ አንደኛ በወጣ ቁጥር ከሰፈራችን ከከዚራ እስከ ቀፊራ ያልሰማ ሰው አይኖርም ነበር። አባታችን ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ በሕመም ከሞተ በኋላ ደግሞ ወንድሜ የቤቱ ልጅም፣ አባወራም፣ ወሬም እሱ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀበሌ ሰዎች መጡ። ልብሳቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው የለዘበ፣ በጣም ትሑት ሰዎች ነበሩ። «ልጅዎ ከወጣቱ መካከል ተመርጧል» አሏት። ለአጭር ሥልጠና ነው፣ ቶሎ ይመለሳል አሉ። እናቴ እልል አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እልል አለች።

ሥልጠናው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተሻገረ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ደብዳቤውም ቀረ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ራሷን ይቅር ያላለችው ስላልከለከለችው አይመስለኝም፤ መከልከልማ ማን ይችል ነበር? ይቅር ያላለችው እልልታዋን ነው።

ከዚያ ወዲህ «መምረጥ» የሚባል ቃል እኛ ቤት አይነሳም። ቲማቲም ስናዘጋጅ እንኳ «ደህና ደህናውን ለዪ» እንጂ «ምረጪ» አትለኝም። እኔ አንደኛ ወጥቼ ካርድ ይዤ ስመጣ ካርዱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ትከትና «ማን ጠየቀሽ? ዝም ብለሽ ውኃ ቅጂ» ትለኛለች። ማታ ግን ከመጋላ የተገዛ ሙሸበክ በወረቀት ተጠቅልሎ ትራሴ ሥር አገኛለሁ። ማርና ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት፣ ጣት ላይ የሚጣበቀው ያ ጣፋጭ። ለምን እንደተገዛ አይነገርም፣ እኔም አልጠይቅም። ጎረቤቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ያዝኑላት ነበር። አንዳንዶቹ ግን ውስጥ ውስጡን የራሳቸውን ልጆች ካርድ ይደብቁ እንደነበር አውቃለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተስማሙ። አንዱ የእኛው፣ ከዚራ ያለው ነው። ሁለተኛው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ያለው፣ ሦስተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ዋሂል ያለው ነበር። እኛ ጥሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበረን። መጋላዎች ማይክሮስኮፕና የቤተ ሙከራ ዕቃ ነበራቸው። ዋሂሎች ሁለቱም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አስተማሪዎቹ «ከዚህ በላይ የምናስተምረው የለንም» ያሉት። እንግዲህ ያለው ያለውን ያዋጣና ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ጎበዞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይማሩ ተባለ።

ነገሩን ያቀነባበረው የሒሳብ መምህራችን ነው። ከጎጃም የመጣ፣ ድሬዳዋ ዓመት ያልሞላው፣ በኮት የሚያስተምር ወጣት ነበር። በድሬ ፀሐይ በኮት! ተማሪው ሁሉ መቼ ያወልቀው ይሆን እያለ ይወራረድ ነበር። ሰዓቱንም የመረጠው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። ክፍሎች ባዶ የሚሆኑት ያኔ ነው ብሎ። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት፣ ጫት የሚቅምም ፍራሹን የሚያነጥፍበት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት መሆኑን የነገረው አልነበረም።

ከዚያ የባሰውን ስህተት የሠራው ግን በሰልፍ ላይ ነው። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ መድረኩ ላይ ወጣና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጀመረ። ስለ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች ኅብረት ተናገረ። ቀጠለና «የላቀ ችሎታ ያላቸው የሚከተሉት ተማሪዎች ተመርጠዋል» ብሎ ስም ጠራ፤ የእኔም ነበረበት። ጭብጨባ ጠብቆ ቆመ። ማንም አላጨበጨበም። ከጎኔ የተሰለፈችው ልጅ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሜ ሲጠራ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ብድግ አለ። ወዲያው እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ያ ብድግ ያለው ነገር ተመልሶ ቁጭ አለ።

ወሬ ክንፍ አለው። እኔ ምሳ ልበላ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀፊራ ደርሷል። «ጎበዞቹን ሰብስበው ኩባ ሊወስዷቸው ነው» የሚሉ ነበሩ። «ኩባ አይደለም፣ ግንባር ነው፤ መድፍ ለማነጣጠር ሒሳብ የሚችል ልጅ ጠፍቷል» የሚሉም ነበሩ። ይህን ሁለተኛውን ያመጣችው አንዲት በርበሬ ነጋዴ ናት፤ መድፍና ሒሳብን ከየት እንዳገናኘቻቸው እግዜር ይወቅ። ሁሉም ግን አመነ፤ እኔም ግማሽ በግማሽ አመንኩ።

በማግስቱ እናቴ ጠዋት ሽንኩርቷን ሳትዘረጋ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። ቀድማን የደረሰች ሴት ነበረች። መጋላ የምትኖር፣ ዲርዕ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ልጇን ከፊቷ አቁማለች። ድልድዩን ተሻግራ የመጣችው «ኮት የለበሰውን ሰውዬ» ፍለጋ ነው። ልጅቷ በእኔ ዕድሜ ነች፤ ቀጭን፣ ዓይናማ፣ ምንም የማይደንቃት ዓይነት። መምህሩ ከአስተማሪዎች ክፍል ወጣና ሁለቱን እናቶች አይቶ ፈገግ አለ። ሊያመሰግኑት የመጡ መስሎት ነበር።

«ስህተት ነው አቦ» አለች እናቴ። «ልጄ ጎበዝ አይደለችም። ጠዋት የነገርኳትን ማታ አታውቀውም። ሽንኩርት መዝኚ ስላት ጣቷን አብራ ትመዝናለች።»

«ያንቺዋ ትሻላለች!» አለች የመጋላዋ። «ወላሂ የኔዋ ግራና ቀኝ እግሯን አትለይም። ይሄን ጫማ እኔ ነኝ ያደረግኩላት። እይማ! እግሯን እይ!»

መምህሩ የልጅቷን እግር አየ። ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ የገባው አይመስልም። «ግን እኮ ፈተናዎቿን በጣም ጥሩ ነው የሠራችው» አለ ስለ እኔ።

«ገልብጣ ነው» አለች እናቴ።

«ከማን?»

«ከዚህችው!» ብላ በሕይወቷ አይታት የማታውቀውን የመጋላዋን ልጅ አሳየችው። የመጋላዋ ሴት መቃወም ሲገባት «አዎ፣ ሁለቱም ሌቦች ናቸው» ብላ አጸደቀችላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የኔ እናት ታሸንፋለች፣ ታያለሽ» አለችኝ። ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ። ጓደኝነታችን የጀመረው ያኔ ነው።

ያን ቀን ማንም አላሸነፈም። እናቴ «ልጄን ከዚህ ነገር አውጣልኝ» ብላ ሄደች። እኔ ግን ከዚያ ነገር መውጣት አልፈለግኩም። የመጋላዋ ልጅ ስለ ማይክሮስኮፑ ነግራኛለች፤ ቁም ሳጥን ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ፣ ዓይን የማያየውን እንደሚያሳይ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ ይበልጥ የተመኘሁት ነገር ትዝ አይለኝም። ማታ ለእናቴ «እማ፣ እኔ መማር እፈልጋለሁ» አልኳት። ቲማቲም እየለየች ነበር። ቀና ሳትል «ወንድምሽም ይፈልግ ነበር» አለችኝ።

መምህሩ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ቤታችን መጣ፤ እንደ ልማዱ ሰው በሚተኛበት ሰዓት። እናቴ በሩን በንዴት ከፈተች። ኮቱ በላብ ርሷል፣ ፊቱ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ስታየው አዘነችለት መሰለኝ፣ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዕረፍትዎን አቋረጥኩ» ሲል ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ በለኝ» አለችው። «እዚህ አገር ሁሉም አንቺ ነው የሚባባለው። እዚህ ቤት 'እርስዎ' እያለ የገባ ሰው ደህና ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።»

ደነገጠ። ከዚያ ስለ ወንድሜ ነገረችው፤ ለማያውቁት ሰው ስትነግር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የተተኮሰውን ልብስ፣ ትሕትናውን፣ አጭሩን ሥልጠና፣ የራሷን እልልታ ሳይቀር ነገረችው። መምህሩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማት። ስትጨርስ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አላደረገም፤ አልማለላትም።

«እኔ የማስተምረው አልጀብራ ነው» አለ። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ነገ ከላይ ምን እንደሚታዘዝ ግን አላውቅም። እኔንም ወደዚህ ሲልኩኝ አልጠየቁኝም። አይወስዷትም ብዬ ብምልልሽ ውሸት ይሆንብኛል።» ቀጥሎም «መጥተሽ ለምን አትቀመጪም?» አላት። «ክፍሉ አንድ በር ነው ያለው። ከበሩ አጠገብ ተቀመጪ።»

እናቴን ያሸነፋት እውነት መናገሩ ነው ብዬ አምናለሁ። «አንድ ቀን ልየው» አለች።

በዚያ ቅዳሜ እናቴና እኔ ስንደርስ የመጋላዋ ሴት ቀድማ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ማራገቢያዋን ይዛ። የዋሂሉ ልጅ እናትም ነበረች። ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት በጭነት መኪና ወተት ይዛ ቀፊራ የምትወርድ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ወተቷን ሸጣ ባዶ ጀሪካኗንና በትሯን ይዛ መጥታለች። አማርኛ ብዙ አትሰማም፤ የመጋላዋ ሴት በኦሮምኛም በሶማሊኛም እያደረገች ታስተረጉምላታለች። «ምን አለች?» ስንላት «ልጆቹን ካልወሰዱ አስተማሪው ቢያወራ ግድ የለም አለች» ትለናለች። በየሳምንቱ ሌሎችም ተጨመሩ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኤክስና ዋይ እየጻፈ ዞር ሲል፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ ጀርባ የሚያየው በሩን እንጂ እሱን የማይመለከቱ እናቶችን ነው።

አንድ ሳምንት ከዚራ፣ አንድ ሳምንት መጋላ ነበር የምንማረው። እናቶቹም አብረው ይዞራሉ። መጀመሪያ ላይ አይነጋገሩም ነበር፤ ኋላ ግን እየተላመዱ መጡ። የሽንኩርት ዋጋ፣ የጉልበት ሕመም፣ የአማት ነገር። ሲያወሩ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። «ቀጥል አቦ፣ ቀጥል፣ እኛን ተወን» ትለዋለች እናቴ። የእንቅልፍ ሰዓት ስለሆነ አንዳንዶቹ ያንኮራፉ ነበር። ግን በተራ ነው የሚተኙት፤ ሁልጊዜ አንዷ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

ወሬው ለቀበሌው ካድሬ ደረሰና አንድ ቅዳሜ መጣ። ከኋላ የተደረደሩትን ሴቶች አይቶ «ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው የሚካሄደው?» አለ። መምህሩ ላቡን ጠረገና «የወላጅ ኮሚቴ ናቸው ጓድ» አለው። ካድሬው ፊቱ በራ። ኮሚቴ የሚባል ነገር ይወድ ነበር። «እንዲያ ከሆነ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመረጥ» ብሎ አዘዘ። እናቴ ብድግ አለች፤ «እኔ መምረጥ የሚባል ነገር ውስጥ አልገባም» ብላ። የመጋላዋ ሴት ማራገቢያዋን አጠፈችና «በቃ እኔ ነኝ ሊቀመንበሯ፣ ጨርሰናል» አለች። ካድሬው ጽፎ ሄደ። እኛ ሳቃችንን ለቀቅነው፤ የዋሂሏ ሴት እንኳ ተተርጉሞላት ሳቀች።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። እኔ ግን ሁልጊዜ አንገቴን በክር የተያዝኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ዞር ስል እናቴ አለች። አንዳንዴ ያሳፍረኛል፣ አንዳንዴ ደስ ይለኛል። አንድ ቅዳሜ እሷን ቢያማት ወይም ገበያው ቢይዛት እኔም እንደምቀር አውቅ ነበርና በየሳምንቱ ዓርብ ጤንነቷን በሥጋት እከታተላለሁ። እሷ ከሌለች ትምህርቱም የለም።

መጋላ ስንማር ማይክሮስኮፑ ቅዳሜ ተቆልፎበት ስለሚውል አንዴም አላየንበትም ነበር። ማይክሮስኮፑን ከመጋላ ወደ እኛ ትምህርት ቤት አምጥተን በደንብ እንድንሠራበት መምህሩ የሁለቱን ዳይሬክተሮች ደጅ ሲጠና ከረመ። በመጨረሻ ተፈቀደ። ከነጠረጴዛውና ከነቁም ሳጥኑ ይምጣ ተባለ፤ መኪና ግን የለም። ጋሪ ላይ ጭኖ ደቻቱን ቢያሻግረው መንቀጥቀጡ እንዳይሰብረው ፈራ። አስቦ አስቦ የወታደር ካምፕ ሄዶ መኪና ለመነ። እሺ አሉት። እሱም በደስታው ለእናቶቹ መንገር ረሳ።

ቅዳሜ ዕለት ትምህርት ተጀምሮ፣ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት የሞተር ድምፅ ሰማን። የዚያን ዓይነት ሞተር ድምፅ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ይለየዋል። የወታደር መኪና የግቢውን በር አልፎ ገባና ክፍላችን ፊት ለፊት ቆመ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይከብደኛል። የመጋላዋ ሴት «መጡ!» ብላ ጮኸች። ዴስኮች በሩ ላይ ተገፉ። አንዷ እናት ልጇን ከወንበር ሥር ከትታ በላዩ ተቀመጠችበት። የዋሂሏ ሴት በትሯን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች። መምህሩ «ማይክሮስኮፑ ነው! እባካችሁ፣ ማይክሮስኮፑ ነው!» እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም። እናቴ በዴስኮቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ መኪናው ሄደች። እኔም ወጣሁ፤ ልብ ብሎ የከለከለኝ አልነበረም።

የሹፌሩን በር እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። «አትወስዳትም» አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም። «አንዱን ወስዳችኋል። ይህችን አትወስዳትም።»

ሹፌሩ ወታደር ነው። ገና ጢም ያላወጣ፣ ወንድሜ ሲሄድ በነበረበት ዕድሜ ያለ ልጅ። ግራ ገባው። «እማዬ፣ ዕቃ ነው የጫንኩት» አላት። «ጠረጴዛ ነው። ውረጂና እዪው፣ ማለቴ ነይና እዪው።»

«ክፈተው።»

ወረደና የኋላውን ከፈተላት። ጠረጴዛ ነበር። ቁም ሳጥን ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለች አንዲት ሣጥን፣ እንዳትናወጥ በገመድ ታስራ ነበር። እናቴ ቆማ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ የመኪናው ጎማ ጥላ ውስጥ ቁጭ አለች። ልጁ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ኮዳውን ፈትቶ ውኃ ሰጣት።

«ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» አለችው ጠጥታ።

«አሥረኛ።»

«ጎበዝ ነበርክ?»

ሳቀ። «ጎበዝማ ነበርኩ። ለዚያ አይደል የመረጡኝ? መኪና ለመማር ጎበዝ ያስፈልጋል ብለው።»

እናቴ ፊቱን አየች። «ሰሜን ነበርክ?» አለችው። ነበርኩ አላት። የወንድሜን ስም ነገረችው፤ ከነአባቱ ነገረችው፤ ቁመቱን፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነገረችው። ልጁ አላውቀውም ለማለት ቸኩሎ አልመለሰላትም። አስቦ፣ ደጋግሞ አስቦ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ብዙ ነን እማዬ» አላት።

ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እናቴ አላለቀሰችም። ተነሳችና ሣጥኗን ተሸክሞ ወደ ክፍል እንዲያስገባ አዘዘችው። ካስገባ በኋላም ሊሄድ ሲል «ቁጭ በል» አለችው፤ ከእኔ አጠገብ። መምህሩ ዴስኮቹን መለሰ። ከእናቴ ዘንቢል አንድ ሽንኩርት ለመነና ከውስጡ ስስ ልጣጭ አንስቶ የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ አደረገ። በተራ ማየት ጀመርን። የእኔ ተራ ሲደርስ ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁትን ነገር ለወታደሩ ለቀቅኩለት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መቅደም ያለበት እሱ መሰለኝ።

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። ቶሎ አልተነሳም። «ቤት ቤት አለው» አለ በመጨረሻ። «ግድግዳና ግድግዳ፣ ልክ እንደ ጡብ።» መምህሩ «ሴል ይባላል» አለው። «አዎ፣ ስዕሉን ደብተር ላይ ስዬው ነበር» አለ ልጁ። «እውነተኛውን ሳላየው ነው የሄድኩት።» እናቴ ከኋላ ሳይሆን ከጎኑ ቆማ ነበር። ሲነሳ ቆቡን ተቀብላ ቲማቲም ሞላችለት። አቅፎ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ድልድዩን እስኪያልፍ ድረስ ትምህርት አልቀጠለም።

ያን ሳምንት እናቴ ብዙ አልተናገረችም። ቅዳሜ ምሳ በልተን ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ጠበቅኳት። ምንጣፏን ዘርግታ ጋደም አለች፤ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ልትተኛ።

«እማ፣ አትመጪም?»

«አልመጣም።»

በቃ ትምህርቱ አለቀ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። «ምን ታወልቂያለሽ?» አለችኝ። «አንቺ ሂጂ እንጂ።»

«ብቻዬን?»

ወደ ግድግዳው ዞራ ነው የመለሰችልኝ። «እኔ እስከ ዛሬ ስጠብቅ የኖርኩት ወንድምሽን ነው» አለች። «እሱን ቅዳሜ ለቅዳሜ በር ላይ ቁጭ ብዬ አልመልሰውም። አንቺን ደግሞ ከወንበር ጋር አስሬ አላኖርሽም። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

የዚያን ዕለት ትምህርቱ መጋላ ነበር። ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ አስፋልቱ ይፋጃል። ደቻቱ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ያን ሁሉ ወራት ጥበቃዋ ሲያሳፍረኝ ቆይቶ አሁን ከኋላዬ ማንም አለመኖሩ አስፈራኝ። ቤት ተመልሼ አጠገቧ መጋደም ፈለግኩ፤ ብመለስ እንደማትቆጣኝም አውቃለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። ድልድዩ ላይ ወጣሁ። እያለቀስኩ ነበር የምሄደው። እስክሻገር ድረስ ዞሬ አላየሁም።